ባልንጀራ ከሩቅ አገር
የአውሮፕላን ነጂው የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የጦርነት አገልግሎትና አሟሟት

ጥበብ ለሰው ልጅ የተሰጠች ታላቅ ጸጋ ናት። ይሁን እንጂ ጥበብ ብቻዋን ሰውን አታስመሰግንም፤ የሚያስመሰግነው ወይም የሚያስወቅሰው የተላከችበት ጉዳይ ነው። በአንዱ ቢላዋ እናት ለልጆቿ ዳቦ ትቆርሳለች፤ በዚያው ቢላዋ ወንበዴ መንገደኛ ይወጋል። በአንዱ እሳት ቤት ይሞቃል፤ በዚያው እሳት ቤት ይቃጠላል። ስለ አውሮፕላንም ነገሩ እንዲሁ ነው።

በምዕራብ ሸዋ የምንኖር ቤተ ሰቦች፣ በሆለታና በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር፣ በሸነንም ያለን ሁሉ፣ ይህን እናስተውላለን። አያቶቻችን አውሮፕላንን አስቀድመው ያወቁት መንገደኛ ሲያደርስ ወይም መድኃኒት ሲያመጣ አይተው አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጠላት ወረራ ዘመን ከሰማይ የሚሰማው ድምፅ የሞት መልእክተኛ ነበረ። አርበኛው ገረሱ ዱኪና ጓደኞቻቸው በዚህ በእኛው አቅጣጫ ጫካውን ምሽግ አድርገው ሲዋጉ፣ ጠላት በምድር ያልደረሰበትን በአየር ለመድረስ ይሞክር ነበር። ለዚያ ትውልድ አውሮፕላን ማለት ቦምብ ማለት ነበር።

ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ በዚያው በአገራችን ሰማይ ላይ፣ ለኢትዮጵያ ወገን ሆኖ የሚበር አንድ የሩቅ አገር ሰው ነበረ። ይህ ሰው ቦምብ አልጣለም፤ ደብዳቤና መድኃኒት ያመላልስ ነበር። ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ወደዚሁ አገር ተመልሶ፣ በመጨረሻው ለአንድ ልጅ ደም ሊያደርስ ሲበር ወድቆ በዚሁ ሞተ፤ በዚሁም ተቀበረ። እርሱም ጆን ሮቢንሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ስለ እኒህ ሰው ታሪክ በየቤታችን ብዙ ሲነገር አይሰማምና፣ ወላጆች ለልጆቻቸው ይነግሩ ዘንድ ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ እናቀርባለን።

አስተዳደጋቸውና ትምህርታቸው

ጆን ሮቢንሰን የተወለዱት በ1896 ዓ.ም. ገደማ፣ በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ክፍል፣ ካራቤል በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ነው። ገና ሕፃን ሳሉ አባታቸው ስለ ሞቱባቸው፣ እናታቸው ይዘዋቸው ሚሲሲፒ ወደሚባለው ክፍል ወደ ገልፍፖርት ከተማ ሄዱ። በዚያም እናታቸው በምድር ባቡር ሥራ የሚተዳደር ሰው አገቡ፤ ይህም እንጀራ አባት ልጁን እንደ አብራኩ ክፋይ አድርጎ አሳደገው። ሮቢንሰን በልጅነታቸው በዚያው በባሕሩ ዳርቻ ከውኃ ላይ የሚነሣና በውኃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን አይተው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልባቸው ወደ ሰማይ እንደ ተሰቀለ ይተረካል።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ለጥቁር አሜሪካዊ ልጅ ይህን መመኘት እንኳ እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። በአሜሪካ ደቡብ ክፍል የነጩና የጥቁሩ ልጅ ትምህርት ቤት የተለያየ ነበር፤ በባቡር የሚቀመጡበትም ስፍራ የተለያየ ነበር፤ ሐኪም ቤት የሚገቡበት በር እንኳ ሁለት ነበር። አውሮፕላን መንዳት ለጥቁር ሰው አይገባም፣ አእምሮውም አይችለውም የሚሉ አዋቂ ነን ባዮች ብዙ ነበሩ።

ሮቢንሰን ቡከር ዋሽንግተን የመሠረተው ተስኪጊ የተባለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ገብተው የመኪና መካኒክነት ተማሩ። ከዚያም ወደ ሰሜን ወጥተው በሙያቸው ሲሠሩ ቆይተው በቺካጎ ከተማ ተቀመጡ። በዚያ ከተማ ከርቲስ ራይት የሚባል የታወቀ የአውሮፕላን ትምህርት ቤት ነበረና ለመግባት ቢያመለክቱ፣ በቆዳቸው ምክንያት አልቀበልም አላቸው። እሳቸው ግን በር ቢዘጋባቸው በመስኮት የሚመለከቱ ሰው ነበሩ። በትምህርት ቤቱ የጽዳት ሥራ ተቀጥረው፣ መጥረጊያ በእጃቸው ይዘው፣ መምህሩ በሰሌዳ ላይ የጻፈውን በልባቸው እየያዙ ይማሩ እንደ ነበረ ይነገርላቸዋል። በመጨረሻም ኮርኔሊየስ ኮፊ ከሚባሉት ጓደኛቸው ጋር ትምህርት ቤቱን በሩን አስከፍተው ገቡ፤ በ1923 ዓ.ም. ተመርቀው ወጡ።

እነዚህ ሁለት ጓደኛሞች ያገኙትን ዕውቀት ለራሳቸው ብቻ አልያዙትም። ከሌሎች ጥቁር አብራሪዎች ጋር ማኅበር አቆሙ። የከተማው አውሮፕላን ማረፊያዎች አንቀበልም ስላሏቸው፣ ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች መንደር በገዛ እጃቸው መሬት ደልድለው ማረፊያ ሠሩ። በ1926 ዓ.ም. ሮቢንሰን ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤታቸው ወደ ተስኪጊ በአውሮፕላን በረው ሄደው፣ በዚያ የበረራ ትምህርት እንዲከፈት አሳሰቡ። ያ ሐሳብ ከዓመታት በኋላ ፍሬ አፍርቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተስኪጊ ከ990 በላይ ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች ሠለጠኑ።

ወደ ኢትዮጵያ መምጣታቸው

በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተገኘው ድል በዓለም ላሉት ጥቁር ሕዝቦች ሁሉ ምን ያህል መጽናኛ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ጥቁሮች አሜሪካውያን በባርነት ዘመን ጭምር፣ ነቢዩ ዳዊት በመዝሙሩ ስለ ኢትዮጵያ የተናገረውን ቃል በየቤተ ክርስቲያናቸው እየሰሙ አድገዋል። ስለዚህ በ1927 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር መዘጋጀቷ ሲሰማ፣ በኒው ዮርክና በቺካጎ ያሉ ጥቁሮች እንደ ገዛ ቤታቸው ነገር አዘኑ። ብዙ ሺህ ሰዎች ለመዝመት ፈለጉ፤ የአገራቸው መንግሥት ግን አሜሪካዊ በባዕድ ጦር ውስጥ ገብቶ መዋጋት በሕግ የተከለከለ ነው ብሎ አገዳቸው።

በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን በአሜሪካ ነበሩ። ዶክተር መላኩ አገራቸውን የሚረዳ ባለሙያ ሲፈልጉ፣ ክሎድ ባርኔት የሚባሉት የጥቁሮች የዜና ድርጅት መሪ ሮቢንሰንን አስተዋወቋቸው። ከዚህም በኋላ ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ መጣላቸው። ሮቢንሰን በቺካጎ ሥራና ቤት ነበራቸው፤ ጦርነት እንደሚመጣም ያውቁ ነበር። ሆኖም ጥሪውን ተቀብለው በግንቦት 1927 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ገቡ።

በአገራችን አውሮፕላን ያን ጊዜ ገና አዲስ ነገር ነበረ። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ የሚባለው የፈረንሳይ ሥራ፣ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ሚሽካ ባቢቼፍና እንደ አስፋው አሊ ያሉ የአገር ልጆች መንዳት ተምረው ነበር። ይሁን እንጂ ጦርነቱ ሲጀመር የነበሩን አውሮፕላኖች ከአሥራ ጥቂት የማይበልጡ፣ ብዙዎቹም ያረጁና ለውጊያ መሣሪያ ያልታጠቁ ነበሩ። ጠላት ግን በመቶ የሚቆጠሩ አዳዲስ አውሮፕላኖች አሰልፎ ነበር። ሮቢንሰን የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው የዚህ ትንሽ አየር ኃይል አዛዥ ሆኑ።

በጦርነቱ ጊዜ

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላኖች ዐድዋን በቦምብ ሲደበድቡ፣ ኮሎኔል ሮቢንሰን መልእክት ይዘው ሄደው በዚያው ነበሩ። የከተማው ሕዝብ፣ ሴቱም ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ በቤቱ ሳለ ከሰማይ እሳት ሲወርድበት በዐይናቸው አዩ። ያዩትንም ወደ አሜሪካ ጽፈው ለሕዝባቸው አስታወቁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራቸው በአዲስ አበባና በሰሜን ጦር ግንባር መካከል መመላለስ ሆነ። የንጉሠ ነገሥቱን ትእዛዝ ለጦር አለቆች፣ የጦር አለቆችንም ወሬ ለንጉሠ ነገሥቱ ያደርሳሉ፤ መድኃኒት ይጭናሉ፤ ሹማምንት ይወስዳሉ። መንገዱ እንዴት ያለ እንደ ነበረ አንባቢ ያስበው። ሰማይን የሚነካ ተራራ አለ፤ ነፋሱ ኃይለኛ ነው፤ በየስፍራው የተዘጋጀ ማረፊያ የለም፤ ስለ አየሩ ጠባይ አስቀድሞ የሚናገር መሣሪያም የለም። የሚነዱት አውሮፕላን ቀርፋፋና መሣሪያ የሌለው ስለ ነበረ፣ የጠላት ተዋጊ ሲያገኛቸው መሸሸጊያቸው ደመናው ብቻ ነበር። በዚህ ዓይነት ብዙ ጊዜ ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል። በዚያው ዘመቻ ቆስለዋል፤ በጠላት የመርዝ ጋዝም ተጎድተዋል።

የዚያ ዘመን የአየር ጦርነት ምን ያህል ጨካኝ እንደ ነበረ ጥቂት ማስታወስ ይበቃል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሐኪም ቤት ጭምር ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ በደቡብ ግንባር በመልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳን በቦምብ ተደበደበ፤ በአልጋ ላይ የነበሩ ቁስለኞች ሞቱ። በታኅሣሥ ወር በተከዜ አካባቢ የተጀመረው የመርዝ ጋዝ እስከ ማይጨው ጦርነት ድረስ ሳያቋርጥ በሠራዊቱና በገበሬው ላይ ወረደ። አንዱ ወገን በአውሮፕላን ሐኪም ቤት ሲያፈርስ፣ በሌላው ወገን አንድ የሩቅ አገር ሰው በአሮጌ አውሮፕላን መድኃኒት ያመላልስ ነበር። የሁለቱም መኪና ነው፤ የሁለቱም ሞተር በቤንዚን ይሠራል፤ ልዩነቱ በጭነቱ ነው።

ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድል ከጠፋ በኋላ፣ ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ ጠላትም ሚያዝያ 27 ቀን ገባ። ኮሎኔል ሮቢንሰንም የሚነዱት አውሮፕላን፣ የሚያዝዙትም ጦር ሳይኖራቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ግንቦት 10 ቀን ኒው ዮርክ ሲደርሱ፣ በኋላም በቺካጎ፣ ሕዝባቸው በብዙ ሺህ ወጥቶ እንደ ጀግና ተቀበላቸው። የተሸነፈ አገር ወታደር እንደዚያ ያለ አቀባበል ያገኘው፣ ያገለገለው እውነት እንዳልተሸነፈ ሕዝቡ ስላወቀ ነው።

የቦናያ ሌሊት

እዚህ ላይ ከእኛው ከምዕራቡ መንገድ ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ታሪክ ማንሣት ያስፈልጋል፤ የኮሎኔል ሮቢንሰንን ነገር ይበልጥ ያስረዳናልና።

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስንመጣ በመንገዳችን ሆለታን እናልፋለን። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በዚያ ነው። የሆለታ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ከእነርሱ ብዙዎቹ እጃችንን አንሰጥም ብለው ወደ ምዕራብ ተጓዙ፤ ከመሪዎቻቸውም መካከል ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለአብ ይገኙ ነበር። በኋላ ጥቁር አንበሳ በተባለው ማኅበር ስማቸው የታወቀው እነዚህ ወጣቶች ናቸው።

በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. ሦስት የኢጣልያ አውሮፕላኖች ምዕራቡን አገር ለመያዝ መንገድ ሊያበጁ መጥተው ነቀምት አጠገብ በቦናያ ሜዳ አረፉ። ለሰኔ 20 አጥቢያ በሌሊት የሆለታ ወጣቶች ከበው ወጉአቸው፤ አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ከመጡት አብዛኞቹ በዚያ ሞቱ። ከሞቱት መካከል ጄኔራል ማሊዮኮ የተባለው የአየር ኃይል አለቃና አንቶኒዮ ሎካቴሊ የተባለው ዝነኛ አብራሪ ነበሩ። አብሮ የነበረው አባ ቦሬሎ የተባለ ሚሲዮናዊ ግን በሕይወት ተረፈ።

ስለ ሎካቴሊ ጥቂት እንበል። በቤርጋሞ ከተማ በ1887 ዓ.ም. የተወለደ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስሙ የገነነ አብራሪ ነበረ። በቪየና ከተማ ላይ በረው ቦምብ ሳይሆን ወረቀት ከበተኑት አብራሪዎች አንዱ ነበር፤ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስን ታላላቅ ተራሮች ተሻግሮ በረረ። በ1916 ዓ.ም. ከአውሮፓ በሰሜን በኩል ወደ አሜሪካ ለመሻገር ሲሞክር አውሮፕላኑ በግሪንላንድ አቅራቢያ በባሕር ላይ ወደቀ፤ ቀናት በማዕበል ሲንገላታ ቆይቶ የአሜሪካ የጦር መርከብ አግኝታ አዳነችው። በጥበብና በድፍረት ከተመዘነ ይህ ሰው ከሮቢንሰን አያንስም። ነገር ግን ከባሕር የወጣችውን ያችን ነፍስ፣ ምንም ያልበደለውን ሕዝብ ለመውረር ላካት፤ በ41 ዓመቱም በሰው አገር ሜዳ ላይ ቀረ።

ስለ ጠላት ሞት ደስ ሊለን አይገባም፤ እርሱንም እናት ወልዳዋለች። ልናስተውል የሚገባን፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ዓመት በአንድ ሰማይ ሥር አንድ ዓይነት ጥበብ ይዘው ሲበሩ፣ አንዱ የወራሪ መንገድ ጠራጊ፣ ሁለተኛው የተወረረው ሕዝብ ባልንጀራ መሆኑን ነው። የሆለታ ወጣቶችም ቢሆኑ ብዙ ዕድሜ አላገኙም። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ልዑል ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ በጠላት ከተያዙ በኋላ፣ በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ በግፍ ተገደሉ። ገና ጢማቸው ያልበቀለ ልጆች ነበሩ።

መመለሳቸው

ኮሎኔል ሮቢንሰን በአሜሪካ ስለ ኢትዮጵያ ንግግር እያደረጉ ርዳታ ይለምኑ ነበር፤ በቺካጎም በስማቸው የበረራ ትምህርት ቤት አቋቁመው ወጣቶችን አሠለጠኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ለአገራቸው የአየር ሠራዊት የመካኒክነት ትምህርት አስተማሩ። ወደ ኢትዮጵያ የጠሯቸው ዶክተር መላኩ በያን ግን ነጻነትን ሳያዩ በ1932 ዓ.ም. በአሜሪካ በስደት ሞቱ።

አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ አየር ኃይሉን እንደ ገና ማቆም አስፈለገ። ከቀድሞው የቀረ ነገር አልነበረም። በዚህ ጊዜ ሮቢንሰን እንደ ገና ተጠሩ፤ እንደ ገናም እሺ አሉ። በ1936 ዓ.ም. ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ጋር ሆነው፣ ጦርነቱ ገና ባላበቃበት ዓለም ረጅሙን መንገድ ተጉዘው አዲስ አበባ ደረሱ። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ሰብስበው የአውሮፕላን ትምህርት ጀመሩ። በቺካጎ በሩ ተዘግቶበት የነበረ ሰው፣ በአዲስ አበባ ለሌሎች በር ከፋች ሆነ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአየር ኃይሉ ትምህርት ለስዊድን መኮንኖች ተሰጥቶ በቢሾፍቱ ተደራጀ። የእነርሱ መሪ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፣ እርሱም ቢሆን በ1928ቱ ጦርነት በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞቻችንን የረዳ ሰው ነበረ። ይሁን እንጂ በሁለቱ የኢትዮጵያ ወዳጆች መካከል ጠብ ተነሣ፤ ጠቡም ሮቢንሰንን ከአየር ኃይሉ ሥራ እስከ መልቀቅ አደረሳቸው። መልካም ሰዎች ሁሉ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ ማለት አይደለም፤ ይህም በቅዱሳን ሐዋርያት ዘመን ሳይቀር የታየ የሰው ልጅ ጠባይ ነው።

የኮሎኔሉ ልብ ማን እንደ ሆነ የታየው ከዚህ በኋላ ነው። ሥልጣኑን ያጣ ባዕድ ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ቢሄድ ማንም አይፈርድበትም ነበር። ሮቢንሰን ግን አልሄዱም። በአዲስ አበባ ተቀምጠው፣ እዚያው እያስተማሩና እየበረሩ ኖሩ። ኢትዮጵያን የወደዱት ለሹመቷ እንዳልነበረ በዚህ ታወቀ።

የመጨረሻው በረራ

በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. ጉዳት ደርሶበት ደም የሚያስፈልገው አንድ ልጅ ነበረ። መንገድ እንደ ዛሬው ባልተስፋፋበት በዚያ ጊዜ፣ ደሙን በጊዜ ለማድረስ ከአውሮፕላን በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም። ኮሎኔል ሮቢንሰን ዕድሜያቸው ሃምሳ ገደማ ነበረ፤ ከጦርነቱ የተረፈ ሰው ለዚህ ሌላውን ላኩ ቢል ያስኬደው ነበር። እሳቸው ግን ትንሽ አውሮፕላን አስነሥተው ራሳቸው ሄዱ። አብሯቸው የተሳፈረው ሰው አንድ ኢጣልያዊ መሐንዲስ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል። ከ18 ዓመት በፊት የኢጣልያ አውሮፕላኖች ሮቢንሰንን በደመና መካከል ያሳድዷቸው ነበር። አሁን ግን ጥቁር አሜሪካዊና ኢጣልያዊ ባንድ አውሮፕላን ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ደም ይዘው በዚያው ሰማይ ይበሩ ነበር። አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ላይ ወደቀና ተቃጠለ። መሐንዲሱ ሞተ። ሮቢንሰን እሳቱ ክፉኛ ጎድቷቸው ሐኪም ቤት ገቡ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ታመው መጋቢት 18 ቀን 1946 ዓ.ም. ዐረፉ። በጉለሌ መካነ መቃብርም ተቀበሩ።

የዘመን አቆጣጠሩን የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ ያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 17 ቀን የዋለበት ነበርና፣ መጋቢት 18 የዐቢይ ጾም አራተኛው ሳምንት፣ የመፃጉዕ ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት በየቤተ ክርስቲያናችን የሚነበበው የወንጌል ክፍል የትኛው እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። 38 ዓመት በአልጋ ላይ የተኛው በሽተኛ ያጣው መድኃኒት አልነበረም፤ መጠመቂያው በአጠገቡ ነበረ። ያጣው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ነው። ሌላው ሁሉ ለራሱ ይቀድም ነበር፤ ለእርሱ የሚቆምለት አልተገኘም።

እንግዲህ በዚያ የመጋቢት ወር ደም ይጠብቅ ለነበረው ልጅ ሰው ተገኝቶለት ነበር። ዘመድ አይደለም፤ የአገር ልጅ አይደለም፤ በቋንቋም አይግባቡም። ከውቅያኖስ ማዶ የመጣ፣ በገዛ አገሩ የሐኪም ቤት በር በቆዳው ምክንያት ሁለት ሆኖበት ያደገ ሰው ነው። ጌታ በወንጌል ስለ ደጉ ሳምራዊ ያስተማረው ይኸንኑ ነው፤ ባልንጀርነት በዘርና በአገር ሳይሆን በምሕረት ሥራ ይለካል።

ለወላጆች

ዛሬ ልጆቻችን መኪናና አውሮፕላን፣ ስልክና ልዩ ልዩ መሣሪያ ይወዳሉ። ይህ መልካም ነው። የገበሬ ልጅ መሐንዲስ፣ የቄስ ልጅ አብራሪ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም በጸሎትም በገንዘብም ልንረዳቸው ይገባል። በሸነን ትምህርት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ፣ በገልፍፖርት የባሕር ዳርቻ ቆሞ ወደ ሰማይ ካየው ልጅ በምንም አያንስም።

ነገር ግን ልጁ ምን መሆን እንደሚፈልግ ስንጠይቀው፣ ለማን መሆን እንደሚፈልግ አብረን እንጠይቀው። አብራሪ እሆናለሁ ቢል፣ ምን ጭነህ ትበራለህ እንበለው። ሐኪም እሆናለሁ ቢል፣ ገንዘብ የሌለው ሲመጣ ምን ታደርጋለህ እንበለው። ይህ ጥያቄ በልጅነት ካልተጠየቀ በጉልምስና አይመለስም። ሎካቴሊ ሰማይን ማሸነፍ ተምሮ ነበር፤ ሰማዩን ለማን እንደሚያሸንፍ ግን ክፉ ጌታ መረጠለት። ሮቢንሰን ይህንን ራሳቸው መረጡ፤ የመረጡትም ሁለት ጊዜ ነው፤ ከዚያም አልፎ ሹመታቸውን ካጡ በኋላ ሦስተኛ ጊዜ መረጡት።

ወደ አዲስ አበባ ለጉዳይ የምትሄዱ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በጉለሌ በኩል ስታልፉ፣ በዚያ ስላረፈው የሩቅ አገር ሰው ንገሯቸው። ስሙን ያስታውሱ። ጆን ሮቢንሰን፣ በጦርነት ጊዜ መልእክታችንን የተሸከመ፣ በሰላም ጊዜ ለልጃችን ደም ይዞ የወደቀ። እግዚአብሔር ነፍሱን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ለልጆቻችንም ጥበብን ከምሕረት ጋር አንድ አድርጎ ይስጥልን፤ አሜን።